ምዕራፍ ስድስት፦ ምን ያህል ነቀነቀን?

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ52 ላይ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ነቃ። አልጋ ተወዛወዘ፤ የቡፌ መስታወት ተንቀጫቀጨ፤ ውሾች ጮኹ። ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ልጁን አቅፎ በደረጃ የወረደ አለ፤ እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት የተኛ ጎረቤቱ ደግሞ ጠዋት ሲነግሩት ነው የሰማው። ሲነጋ ሁሉም አንድ ቁጥር ይዞ ወጣ፦ 5.8። መነሻው ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በመተሐራና በፈንታሌ አካባቢ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ምድሩ እየተሰነጠቀ ነበር፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብም ከቀዬው ተነሥቷል። የካቲት 7፣ ዓርብ፣ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ደግሞ 6.0 መጣ።

ያን ሰሞን ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ያገኘሁት ሰው ሁሉ 5.8ን በቃሉ ይዞታል። (5.7 ያሉ ተቋማትም አሉ፤ ልዩነቱ ለዚህ ምዕራፍ ጉዳይ አይደለም።) ነገር ግን ያ ቁጥር የፈንታሌ ነው። የሰበታ አይደለም፤ የቡራዩም የሱሉልታም አይደለም። ደመራን ያስቡ። የተደመረው እንጨት አንድ ነው፤ ሙቀቱ ግን አንድ አይደለም። ከፊት የቆመው ፊቱ ይጋያል፤ ከኋላ ያለው ጋቢውን ይደርባል። 5.8 ስንት እንጨት እንደነደደ ይነግረናል። እያንዳንዱ በቆመበት ቦታ ስንት እንደሞቀው አይነግረንም። ቤት የሚያፈርሰው ግን ይህ ሁለተኛው ነው፤ እርሱን ለማወቅ እዚያው ቦታ ላይ የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ምን ይለካ? ከአየር ጤና ወደ ሰበታ በሚሄድ አውቶቡስ ቆሞ የተጓዘ ሰው መልሱን በእግሩ ያውቀዋል። አውቶቡሱ እኩል ፍጥነት ይዞ እስከሄደ ድረስ በሰዓት 20ም ይሁን 60 ሰውነት ምንም አይለውም። ሰው የሚወድቀው ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ነው። የሚጥለን የፍጥነት ለውጥ ነው፤ የፊዚክስ መጻሕፍታችን ሽምጠት ይሉታል። ቤትም እንዲሁ ነው። መሬት ከሥሩ ወደ ቀኝ ስትሸሽ ቤቱ በክብደቱ ልክ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ልትመለስ ስትል ደግሞ ቤቱ መሄድ ጀምሯል።

መስፈሪያው የምድር ስበት ነው። የተለቀቀ ድንጋይ ወደ መሬት የሚጣደፍበትን ሽምጠት 1 ብለን የመሬቱን ንቅናቄ የዚያ ክፍልፋይ አድርገን እንናገራለን። 0.1 ማለት 60 ቶን የሚመዝንን ቤት በ6 ቶን ጉልበት ወደ ጎን እንደ መግፋት ነው። ብሎኬት በብሎኬት ላይ ሲደረደር ወደ ታች የሚጫነውን ችሎ ዘመን ይቆጥራል። ወደ ጎን የሚገፋውን የሚችለው ግን ኮለኑና ቢሙ የሚጋጠሙበት ቦታ ያለው ፌሮ፣ ፌሮውንም ዙሪያውን ያቀፈው ስታፋ ነው። ስታፋው በ10 ሳንቲም ይደርደር ወይስ በ25? ኮለኑ ስንት ፌሮ ይግባበት? ይህን የሚወስነው መሐንዲስ ስንት ቶን ወደ ጎን እንደሚመጣበት ቀድሞ ማወቅ አለበት።

አዲስ አበባ መንቀጥቀጥን መመዝገብ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ፣ ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲከበር፣ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዌን አራት ኪሎ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ግቢ ኦብዘርቫቶሪ አቋቋሙ። መጀመሪያ ያነሣሣቸው የመሬት መግነጢስ ነበር፤ የመግነጢስ ወገብ የሚባለው መስመር በዚህ አቅራቢያ ያልፋልና። የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያው አብሮ ገባ፤ ጉዌንም ቀሪ ዕድሜያቸውን ከሰጡት ሥራ ዋናው እርሱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የርዕደ መሬት ታሪክ መጽሐፋቸው እስከ ዛሬ ባለሙያ ሁሉ የሚከፍተው ነው።

የዚያ ዘመን መሣሪያ ዝግ ብሎ በሚዞር ሲሊንደር ላይ የተጠቀለለ ወረቀት አለው። ወረቀቱ ላይ ቀኑን ሙሉ ቀጭን መስመር ይሰመራል። መሣሪያው እጅግ ስስ ነው፤ ሩቅ ምሥራቅ የተነሣ ትልቅ መንቀጥቀጥ አራት ኪሎ ላይ መስመሩን ያወዛውዘዋል። ግን ይህ ስስነት መንቀጥቀጡ ቅርብና ብርቱ ሲሆን ጉድለት ነው። መስመሩ ይሰፋል፣ ይሰፋል፣ ከዚያ ከወረቀቱ ጠርዝ ያልፋል። ወረቀቱ ላይ የሚቀረው መንቀጥቀጡ የጀመረበት ሰዓትና የደከመበት ጅራት ነው፤ መሐሉ፣ ቤት የሚያፈርሰው ክፍል፣ የለም። ዲጂታል ሲሆንም ጠባዩ አይለወጥም፤ የሞገዱ ጫፍ በመቀስ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ይሆናል። በወርቅ ሚዛን የጤፍ ኩንታል አይመዘንም። ለኩንታሉ ሌላ ሚዛን አለ።

ከሰበታ መንገድ አጠገብ ያለው ፉሪ ተራራ እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባዋል። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተራራው ላይ የዓለም አቀፉ የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መረብ አባል የሆነ ጣቢያ አለ። ቺሊ ወይም ኢንዶኔዥያ ውስጥ መሬት ስትናወጥ የዓለም ተመራማሪዎች ከሚከፍቷቸው ምዝገባዎች አንዱ ይህ ነው፤ በላቲን አራት ፊደላት «ፉሪ» ተብሎ ይታወቃል። ከተራራው ግርጌ ያለ ነዋሪ ስሙ በዓለም ላብራቶሪዎች ሁሉ እንደሚጠራ ቢሰማ ይገርመው ይሆናል። ነገር ግን ጣቢያው የተተከለው ተራራ ላይ፣ አለት ላይ ነው፤ የተመረጠውም ለዚህ ነው። ሰዉ ደግሞ ቤቱን የሚሠራው ሜዳ ላይ ነው።

የሚቆጨኝ ያመለጡን ናቸው። በ1953 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል ካራቆሬ አካባቢ ለወራት የዘለቀ መንቀጥቀጥ ማጀቴን ሙሉ በሙሉ አወደማት፤ የካራቆሬም ግማሽ ያህሉ ቤት ፈረሰ፤ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ተሰነጠቀ። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሰርዶ የምትባለው ከተማ ጠፋች፤ 24 ሰው ሞተ። ከዚያ በፊት፣ በ1898 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በዙፋን ላይ ሳሉ፣ ከስምጥ ሸለቆው የተነሣ ከባድ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ራሷን ክፉኛ አስደንግጧል። ማጀቴ ላይ መሬቱ በስንት ሽምጠት ተናወጠ? ጉዌንና ባልደረቦቻቸው መልስ የፈለጉት ከፍርስራሹ ነው፦ የትኛው ግድግዳ ወደቀ፣ የትኛው ቆመ፣ የትኛው ድንጋይ ተንከባለለ። ትልቅ ድካም ነው፤ ክብርም ይገባዋል። ሆኖም ግድግዳ ሲወድቅ ከዚህ በላይ እንደነበር ብቻ ይመሰክራል፤ ከዚህ በላይ ስንት እንደሆነ አይናገርም። ያ መንቀጥቀጥ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።

አክስለሮግራፍ የሚባለው መሣሪያ ለዚህ የተሠራ ነው። ሲያዩት አያስደንቅም፤ የጫማ ካርቶን የሚያህል የብረት ሳጥን ነው። መሬት ውስጥ ከተቀበረ የአርማታ መደብ ላይ በቡሎን ይታሰራል፤ ጎኑ ባትሪ፣ ከላይ ትንሽ የሶላር ሰሌዳ፣ ሰዓቱን ከሳተላይት የሚቀበል አንቴና። ውስጡ በሦስት አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ሰሜን፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ላይ፣ እጅግ ትንንሽ ክብደቶች በጠንካራ ሞላ ተይዘዋል። ሳጥኑ ሲነቃነቅ ክብደቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ያ መቅረት በኤሌክትሪክ ይለካል፤ በሰከንድ 100 ወይም 200 ጊዜ ይመዘገባል። ስበትን በእጥፍ የሚያህል ንቅናቄ ቢመጣ እንኳ አይቆረጥበትም። የዚህ ሳጥን ታናሽ ወንድም ኪስዎ ውስጥ አለ፤ ስልክዎን ወደ ጎን ሲያጋድሉት ምስሉ አብሮ የሚዞረው በዚያ ነው። ልዩነቱ የስልኩ ሻካራ መሆኑና ሳጥኑ ከመሬት ጋር አንድ ሆኖ መታሰሩ ነው፤ ትራስ ሥር ያለ ስልክ የትራሱን ንቅናቄ ይነግርዎታል።

ሐሳቡ መቶ ዓመት አልሞላውም። አሜሪካ የመጀመሪያዎቹን መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. በ1932 ተከለች፤ በዓመቱ፣ መጋቢት ወር 1933፣ ሎንግ ቢች ላይ የዓለም የመጀመሪያው የብርቱ ንቅናቄ ምዝገባ ተገኘ። በ1940 ካሊፎርኒያ ድንበር ላይ ያለችው ኤል ሴንትሮ የስበትን ሲሶ ያህል የሚደርስ ንቅናቄ መዘገበች። ያ አንድ ወረቀት ለአሥርታት የዓለም መሐንዲሶች መማሪያ ሆነ፤ ከዚያች ትንሽ የበረሃ ከተማ ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው ሕንፃዎች በእርሷ ንቅናቄ ተፈተኑ።

የእኛም መሐንዲሶች በተውሶ ነው የሚሠሩት። ለኢትዮጵያ የአደጋ ካርታ ሲሠራ መንቀጥቀጡ የት የት እንደደረሰ ከራሳችን ታሪክ ይወሰዳል። ንቅናቄው ከመነሻው እየራቀ ሲሄድ እንዴት እንደሚደክም የሚነግረው ቀመር ግን ሌላ አገር ተለክቶ የተሠራ ነው። ስምጥ ሸለቆው ሥር ያለው ድንጋይ ትኩስ ነው፤ ከፊሉ ቀልጧል፤ ሞገድ በዚያ ውስጥ ሲያልፍ እንደ ካሊፎርኒያ ወይም እንደ ጃፓን ድንጋይ አይሆንለትም። የተውሶ ልብስ ያለብሳል፤ እጅጌው ይጠር ወይ ይርዘም ለማወቅ ግን የራስን ክንድ መለካት ያስፈልጋል። ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ከሕንፃ ኮዳችን ይታያል፦ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ኮድ አዲስ አበባ የተሰጣት 0.05 ነበር፤ በ2015ቱ ኮድ 0.1 ሆነ። የቀድሞው በ100 ዓመት አንዴ የሚጠበቀውን፣ አዲሱ በ475 ዓመት አንዴ የሚጠበቀውን ነው የሚያሰላው፤ ስለዚህ እጥፍ መሆኑ ስሕተት አይደለም። ግን ሁለቱም በዚህ መሬት ላይ በተለካ ብርቱ ንቅናቄ የተፈተኑ አይደሉም። በመሐል በ0.05 ተሠልተው የቆሙ ብዙ ሕንፃዎች አሉ፤ ሰው ይኖርባቸዋል።

አሁን ወደ ሦስቱ ከተሞች እንምጣ። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ሰው ግን አሁንም በስማቸው ይጠራቸዋል፤ እኔም እንዲሁ። የመረጥኋቸው አዲስ አበባን ከሦስት ጎን ከበው ሦስት የተለያየ መሬት ላይ ስለተቀመጡ ነው። ሰበታ የወጨጫና የፉሪ፣ የሁለት የጥንት እሳተ ገሞራዎች ግርጌ ናት፤ ከአለቱ ወደ ሜዳው ያለው ርቀት የእግር መንገድ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የባቡር ሐዲድም የሚነሣው ከእርሷ ነው። ቡራዩ ከገፈርሳ ወዲህ ተዳፋት ላይ ተንጠላጥላለች፤ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራው ቤት ሲናወጥ የሚያሳስበው ግድግዳው ብቻ ሳይሆን አፋፉም ነው። ገፈርሳ ደግሞ አዲስ አበባን ውኃ ከሚያጠጡ ግድቦች አንዱ ነው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ፣ ክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ በጋ ድርቆሽ የሚታጨድበት ጥቁር ሜዳ ነው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ምክንያቱን ሜክሲኮ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1985 ከዋና ከተማዋ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በፓስፊክ ጠረፍ ትልቅ መንቀጥቀጥ ተነሣ። ከተማዋ ውስጥ አለት ላይ ባለው ዩኒቨርሲቲ የተተከለው መሣሪያ የመዘገበው የስበትን ከመቶ 3 ወይም 4 እጅ ብቻ ነበር። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ የደረቀ ሐይቅ ጭቃ ላይ የነበረው ሌላው መሣሪያ ግን ከመቶ 17 መዘገበ። አንድ ከተማ፣ አንድ መንቀጥቀጥ፣ ልዩነቱ አራት አምስት እጥፍ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ያለቀው ጭቃው ላይ ነው። ሁለቱ ሳጥኖች ባይኖሩ ዓለም ዛሬም «ሕንፃው ደካማ ስለነበር ነው» ብሎ ያልፈው ነበር።

ለስላሳ መሬት የራሱ ምት አለው። ስሌቱ አራት መስመር አይሞላም። እንበልና የሱሉልታው ጥቁር ዋልካ 20 ሜትር ይጠልቃል፤ ሞገዱም በውስጡ በሰከንድ 160 ሜትር ይጓዛል። ጥልቀቱን በአራት አባዝተው ለፍጥነቱ ያካፍሉ፦ 80 ለ160፣ ግማሽ ሰከንድ። ይህ መሬት አንድ ጊዜ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ሰከንድ ይፈልጋል ማለት ነው። ሕንፃም ምት አለው፤ በግርድፉ በአንድ ወለል አንድ አሥረኛ ሰከንድ። ጂ ፕላስ ፎር አምስት ወለል ነው፤ ግማሽ ሰከንድ። መሬቱና ሕንፃው በአንድ ምት እስክስታ ሲወርዱ ትከሻው በየዙሩ እየበረታ ይሄዳል። 20 ሜትሩና 160ው ለምሳሌ ያነሣኋቸው ናቸው፤ በየመንደሩ ትክክለኛው ስንት እንደሆነ የሚታወቀው ሲለካ ነው። ያን ሌሊት አራተኛ ፎቅ ያለው ሮጦ ምድር ቤት ያለው ያልሰማው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከሩቅ የመጣ ሞገድ ፈጣኑ ምት በመንገድ ደክሞ ዝግ ያለው ይቀራል፤ ዝግ ያለው ደግሞ የረጃጅሞቹ ወዳጅ ነው።

በጥር ወር ሱሉልታ ሄጄ መሠረት የሚቆፈርበት ቦታ ላይ ቆምሁ። ዋልካው መድረቅ ጀምሮ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ እጄን እስከ አንጓዬ ከተትሁ። ፎርማኑ ወጣት ነው፤ ሥራውን ያውቃል።

«ሁለት ሜትር አውጥተን ሰሌክት እንሞላለን፣ ጋሼ። ዋልካ ቤት አይሸከምም፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሸሻል» አለኝ።

«ከሁለት ሜትሩ በታችስ?»

«በታችማ ያው ዋልካ ነው። የት ድረስ እንደሚሄድ እኔ አልቆፈርሁት።» ትንሽ ዝም አለና «ያን ሌሊት እዚህ ስንት ነበር? 5.8 የሚሉት እዚያ ነው አይደል?» አለ።

ይህን ጥያቄ ከብዙ የተማረ ሰው አልሰማሁትም። የምሰጠው ቁጥር ግን አልነበረኝም። የፈንታሌውን ነገርሁት፤ ስለ ሜክሲኮ ነገርሁት፤ ስለ ግቢው ግን ዝም አልሁ።

ጃፓን ኮቤ ከተማ እ.ኤ.አ. ጥር 1995 ተናውጣ ከ6,400 በላይ ሰው ሲሞት ወዲያው ያደረገችው ነገር አለ። በ1996 አጋማሽ 1,000 የሚያህሉ አክስለሮግራፎች በመላ አገሪቱ ተተክለው ሥራ ጀመሩ፤ በየ20 እና 25 ኪሎ ሜትሩ አንድ። የሚመዘግቡትም ለማንም ክፍት ነው። ያን ርቀት ወደ እኛ ካርታ ብናመጣው ሱሉልታ አንድ፣ ቡራዩ አንድ፣ ሰበታ አንድ፣ አራት ኪሎ አንድ ይደርሳቸዋል። ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ኢትዮጵያ 1,000 አያስፈልጋትም። ከአፋር ጀምሮ በደሴ፣ በአዋሽ፣ በአዳማ፣ በሐዋሳ እስከ አርባ ምንጭ ስምጥ ሸለቆውን ተከትሎ የሚወርድ፣ አዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ ጠበቅ የሚል ሰንሰለት ይበቃል። ጥንድ ጥንድ ሆኖ ቢተከል እመርጣለሁ፦ አንዱ ፉሪ አለት ላይ፣ አንዱ ሰበታ ሜዳ፤ አንዱ እንጦጦ፣ አንዱ ሱሉልታ ዋልካ። ሜክሲኮን ያስተማራት ጥንዱ ነውና።

ገንዘቡስ? ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ1971ዱ የሳን ፈርናንዶ መንቀጥቀጥ በኋላ ያገኘችው መላ ለእኛ ይስማማል ብዬ አምናለሁ። በ1972 የግዛቷን መረብ ስታቋቁም ወጪውን የግንባታ ፈቃድ ላይ በሚታከል እጅግ ትንሽ ክፍያ ሸፈነችው። የሚሠራው ይከፍላል፤ የሚለካው ለሚሠራው ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ላይ በየቀኑ የሚወጣውን ቆርቆሮና ፌሮ ያየ ሰው ከአንድ ቤት የአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ዋጋ የማይሞላ ቢነሣ ምን ሊሰበሰብ እንደሚችል ይገባዋል። ቦታውም ቀላል ነው። ታይዋን ርካሽ መሣሪያዎቿን ያስቀመጠችው በአብዛኛው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነው፤ ጥበቃ አለ፣ መብራት አለ፣ ተማሪም ያየዋል።

ከመትከል ይልቅ የሚከብደው መጠበቅ ነው፤ ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ። የውጭ ተመራማሪዎች ከእኛ ጋር ሆነው ስምጥ ሸለቆው ላይ ብዙ ለክተዋል፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር አንድ ሰሞን ወደ 1,000 የሚጠጉ መመዝገቢያዎች ተደርድረው ነበር። ዓላማቸው የመሬቱን ውስጠት ማየት ስለነበር ሥራው ሲያልቅ ተነቅለው ሄዱ። አክስለሮግራፍ ግን እንደ ዘብ ነው፤ አሥር ዓመት ምንም ሳይመጣ ሊቆም ይችላል። በዚያ መሐል ባትሪው ያረጃል፤ የሐምሌ መብረቅ ይመታዋል፤ ጉንዳን ገመዱ ውስጥ ይገባል፤ ሲም ካርዱ ሳይሞላ ይከርማል፤ አንድ በጀት ዓመት ይረሳል። ያ ሌሊት ሲመጣ የሞተ ሳጥን ካልተተከለ ሳጥን አይሻልም። ስለዚህ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ ሞተር ሳይክል የተሰጣቸው፣ በየሦስት ወሩ ክዳኑን የሚከፍቱ ሁለት ሦስት ቴክኒሻኖች ከመሣሪያው ዋጋ ጋር አብረው ይታሰቡ።

መንቀጥቀጥ ሳይጠበቅ የሚጀመርም ሥራ አለ። መሬት ዝም ብላ አታውቅም፤ ነፋሱ፣ የጎጃም መንገድ ከባድ መኪናው፣ ወፍጮው ሁሌም በጥቂቱ ያንቀጠቅጧታል። ባለ ሦስት እግር ትንሽ መሣሪያ ዋልካው ላይ አስቀምጦ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ወደ ጎን ያለውን እርግብግቢት ወደ ላይ ካለው ጋር ሲያነጻጽሩት መሬቱ በየትኛው ምት መወዛወዝ እንደሚቀናው ይወጣል። አንድ ቡድን በአንድ በጋ ሦስቱንም ከተሞች ሊያዳርስ ይችላል።

ይህን ለፎርማኑ ሳጫውተው ጓንቱን አወለቀና ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየ። ከዘበኛው ቤት ጀርባ፣ ሲሚንቶ ያልተራገፈበት፣ መኪና የማይደርስበት አራት በአራት የሚሆን ሣር አለ።

«እዚህ ጋ ቢሆንስ?» አለኝ። «መደቡን እኔ ራሴ እሞላዋለሁ።»